ከጠቦት ታይመስ ሕያው ሴል የማውጣት አሰራር፣ ከደብረ ብርሃን ቄራ እስከ ማይክሮስኮፕ

ኢሚውኖሎጂ የተማረ ሁሉ ቲ ሴል ቲ ሴል ይላል፣ ይሄ የሰውነት መከላከያ ሴል የሚያድግበትን ታይመስ የሚባል እጢ ግን በእጁ ይዞ ያየው ስንቱ ነው? ለምን ስትሉ መልሱ ሁሌ ያው ነው፣ አይጥ የለንም። እውነት ነው፣ ፕሮቶኮሉ ሁሉ የሚጀምረው ከ4 እስከ 8 ሳምንት የሆናት የላብ (የላቦራቶሪ) አይጥ ብሎ ነው፣ ከአንዷ አይጥም ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ሴል ይወጣል፣ ግን የመንዝ በግ አገር ላይ ቁጭ ብለን አይጥ እስኪመጣልን መጠበቅ ለኔ አይገባኝም። ጠቦት ታይመስ አለው፣ ያውም ከአይጧ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ ያውም ሰው ለስጋው ያረደውና ታይመሱን ማንም የማይፈልገው። ደግሞ የመንዝ በግ የሆድ ትል የመቋቋም አቅሙ ኢልሪ (ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም) በ1990ዎቹ (በፈረንጆች) እዚሁ ደብረ ብርሃን ጣቢያው ላይ ከሆሮ በግ (ሌላው የአገራችን ዝርያ) ጋር እያወዳደረ ያጠናው ነገር ነው፣ ስለዚ የዚህን በግ መከላከያ ሴል ማየት የአይጥ ምትክ ብቻ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የታይመስ ሴል ማውጣት ቀላል ነው፣ ሳይሞት ማቆየት ነው ከባዱ። ኢንዛይም አይፈልግም፣ ጫን ስትሉት ይፈሳል። ችግሩ ሴሎቹ በተፈጥሯቸው ለመሞት ቅርብ መሆናቸው ነው፣ ታይመስ ውስጥ ከሚፈጠሩት አብዛኞቹ ማጣሪያውን ሳያልፉ እዛው ይሞታሉ፣ በዛ ላይ ሙቀትና መዘግየት ሲጨመርበት ላብ ስትደርሱ የያዛችሁት የሞተ ሴል ይሆናል። ስለዚ ስራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ላብ ውስጥ አይደለም፣ በጠቦቱ አንገትና በበረዶው መሀል ነው። እዛ ላይ ነው ብዙ የማወራው።

ዋዜማውን የሚዘጋጅ

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። እንስሳው የሚታረደው ለስጋ ቢሆንም ከዩኒቨርሲቲያችሁ የስነምግባር ኮሚቴ ፈቃድና ለቄራው የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፣ ቄራ ያለ ደብዳቤ ገብቶ ከአራጅ ጋር መጨቃጨቅ ጥሩ አይደለም።

ፒቢኤስ (ሴል የማይጎዳ፣ ፒኤች የሚይዝ የጨው ውሃ) ከሌላችሁ ራሳችሁ ስሩት፦ ለ1 ሊትር 8 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.2 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 1.44 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት፣ 0.24 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት፣ ፒኤቹ 7.4። ከዛ ኤፍቢኤስ የሚባለውን የጥጃ ሴረም 2 በመቶ ጨምሩበት፣ ሴረሙ ለሴሎቹ ትራስ ነው፣ ያለሱ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃሉ ይሰባበራሉ። ሴረሙን 56 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ አሙቃችሁ ኮምፕሊመንቱን (ሴል የሚበሱትን የሴረሙን ፕሮቲኖች) ማጥፋት እንዳትረሱ። ይሄን ቅልቅል ከዚህ በኋላ «ቀዝቃዛው ፒቢኤስ» እያልኩ እጠራዋለሁ፣ ማታ ፍሪጅ ይደር።

ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ 15 ፒኤስአይ ላይ ሲደርስ ውስጡ 121 ዲግሪ አይሆንም፣ 116 አካባቢ ነው። ማሽኑ ቴርሞሜትር ካለው ጌጁን ትታችሁ ሙቀቱን እመኑ፣ ከሌለው ጊዜውን አስረዝሙ። ግፊቱን ወደ 20 ከፍ አድርጉት የሚል ሰው አይጠፋም፣ የማሽኑ አቅም ካልፈቀደ ግን እንዳትነኩት።

የላባችሁ ሴንትሪፊዩጅ ማቀዝቀዣ ከሌለው ባስኬቶቹን አውልቃችሁ እነሱንም ፍሪጅ አሳድሩ። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ማለዳ ላይ ከሰራችሁ ደግሞ የከተማው ብርድ ራሱ ያግዛችኋል፣ ውርጭ ለአንዴ እንኳን ይጥቀመን።

ቀኑና ጠቦቱ

ጾም ሲገባ ቄራ ይቀዘቅዛል፣ ሁዳዴ ላይ የቲ ሴል ፕሮጀክት የሚጀምር ሰው ሁለት ወር ሙሉ ቲዩብ ሲያጥብ ነው የሚከርመው። በዓል ዋዜማም እንዳትሄዱ፣ ጠቦት ሞልቷል ግን እናንተን የሚሰማ የለም። ተራ የፍስክ ቀን ምረጡ፣ በጠዋቱ።

ዕድሜ ወሳኝ ነው። ታይመስ በልጅነት ይተልቃል፣ ለአቅመ ድራር ሲደርስ እየሟሸሸ በስብ ይተካል። ለበዓል የሚታረደው ሙክትማ ታይመሱን ብትፈልጉት ጮማ ነው የምታገኙት። ከ6 ወር በታች የሆነ ጠቦት ፈልጉ። ጥርስ ማየት ብቻውን አይበቃም፣ የወተት ጥርስ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አብሮት ስለሚቆይ ባለቤቱን መቼ እንደተወለደ ጠይቁት። ሌላው ደግሞ ጤናው ነው፣ የከሳ፣ የታመመ፣ ወይ ከሩቅ ተነድቶ ሳይበላ የቆመ ጠቦት ታይመሱ ይኮማተራል፣ በጭንቀት ጊዜ የሚለቀቀው ኮርቲሶል መጀመሪያ የሚገድለው እነዚህኑ እኛ የምንፈልጋቸውን ወጣት ሴሎች ነው። ደልቶት ያደረውን ምረጡ።

ቄራ ውስጥ

አራጁን ከመታረዱ በፊት አናግሩት እንጂ ቢላው ከወጣ በኋላ አይደለም። ሰላም በሉት፣ የምትፈልጉት ምን እንደሆነ በሱ ቋንቋ አስረዱት፦ «ጋሼ፣ ስጋውን አልነካም፣ ከፍርምባው ጀርባ ከልቡ ፊት ያለችውን ነጣ ያለች ለስላሳ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፣ ደረቱ ሲከፈት ይጥሩኝ።» ከዛ ደግማችሁ ደጋግማችሁ የምትሉት ነገር «እባክዎ በውሃ አያጥቡብኝ» ነው። አራጅ ክፋት የለውም፣ እንግዳ አክብሮ ንጹህ አድርጎ ሊሰጥ ነው የሚያጥበው፣ ግን ተራ ውሃ የነካው ሴል ውሃውን ጠጥቶ ይፈነዳል።

ታይመስ በጠቦት ሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው ክፍል አንገት ላይ በትንፋሽ ቧንቧው ግራና ቀኝ ወደ ማንቁርት ይወጣል፣ ሁለተኛው ደረት ውስጥ ከልብ ፊት ለፊት ነው። የአንገቱ ለማየት ቀላል ቢሆንም እኔ የደረቱን ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም ሲታረድ ምግብ ቧንቧውም አብሮ ስለሚቆረጥ ፈርስ ወደ አንገት ይፈሳል፣ ፈርስ የነካው ቲሹ ካልቸር (ሴል በምግብ ፈሳሽ የሚያድርበት ዕቃ) ውስጥ ገብቶ በማግስቱ ባክቴሪያ ብቻ ነው የሚሆነው። የአንገቱን መውሰድ ግድ ከሆነ ከታች በኩል ከደረት መግቢያው አጠገብ ያለውን ውሰዱ።

መልኩ ፈዘዝ ያለ ሮዝማ ነጭ ነው፣ ብዙ ትንንሽ ክፍልፋይ ያለው፣ በጣት ሲነኩት እንደ ለጋ ቅቤ ልስልስ የሚል። ሰው ሶስት ነገር ያምታታበታል። የምራቅ እጢ ጠንከር ያለና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፣ ቦታውም ከፍ ብሎ መንጋጋ ስር ነው። ንፍፊት፣ ማለትም ሊምፍ ኖድ፣ ለብቻው ድቡልቡል ብሎ የተቀመጠ ጠጣር ነገር ነው። ስብ ደግሞ ራሱ ያጋልጣል፣ ከቆረጣችሁት ላይ ቅንጣት ወስዳችሁ ፒቢኤስ ውስጥ ጣሉት፣ ታይመስ ይሰምጣል ስብ ይንሳፈፋል። ተንሳፍፎ እየሰመጠ የሚዋልል ከሆነ ጠቦቱ አድጓል ማለት ነው፣ ሌላ ፈልጉ።

የሚበቃችሁ 2 ወይ 3 ግራም ነው። አዲስ ምላጭ ወይ ንጹህ መቀስ፣ ጓንት ድርብ፣ ማስክም አድርጉ፣ ብሩሴሎሲስ የመሰለ በሽታ ከበግ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ስጋ መርማሪው ያላሳለፈውን እንስሳ እንዳትነኩ።

መንገድ ላይ

ቲሹው በ50 ሚሊ ቲዩብ ቀዝቃዛ ፒቢኤስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ በረዶ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከታረደበት ሰዓት ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ብርድ ውስጥ መግባት አለበት። የክትባት ሳጥንና አይስ ፓክ ከጤና ጣቢያ መዋስ ይቻላል፣ ነገር ግን ከዲፕፍሪዘር አሁን የወጣ ድንጋይ የሆነ አይስ ፓክ ቲዩቡን በቀጥታ እንዳይነካው፣ ጠርዝ ጠርዙ ቲሹው በረዶ ይሰራና ሴሉ ይሰነጠቃል። ክትባት የሚሰጡት ሰዎች እንደሚያደርጉት አይስ ፓኩ ላብ አውጥቶ ሲወዘወዝ ውስጡ ውሃ እስኪሰማ ጠብቁ፣ ወይ ደግሞ የተከተፈ በረዶ ከውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ቲዩቡን እሱ ውስጥ ትከሉት። ፒቢኤስ ያለቀባችሁ እንደሆነ ኖርማል ሳላይን ለመለቅለቅ ይሆናል፣ አቆይቶ ለማጓጓዝ ግን ፒኤች የሚይዝ ነገር ስለሌለው ባትተማመኑበት ይሻላል። ባጃጁ ደግሞ ቀጥታ ላብ ነው የሚሄደው፣ ቡና ምናምን በኋላ።

ማጽዳትና መጭመቅ

ላብ ስትደርሱ ቲሹውን ፔትሪ ዲሽ ላይ አድርጉ፣ ዲሹ በረዶ ላይ ይቀመጥ። ሁለት ሶስት ጊዜ በቀዝቃዛው ፒቢኤስ ለቅልቁት፣ ከዛ በፒንሴት ስቡን፣ የደም ስሩን፣ የላይኛውን ስስ ሽፋን ግፈፉ። በዚ ጊዜ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ንፍፊት ካለ ማውጣት ግዴታ ነው። ይሄን ችላ የሚል ሰው በኋላ ታይመሴ ውስጥ ቢ ሴል በዛብኝ ብሎ ግኝት ያገኘ ይመስለዋል፣ ያገኘው ሊምፍ ኖድ ነው።

ከጸዳው ላይ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ቁረጡ። ስስት አያስፈልግም፣ ከግማሽ ግራም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሴል ይወጣል፣ ሁሉን አንድ ላይ ካደረጋችሁት ወንፊቱ ይደፈናል። የቀረው በቀዝቃዛ ፒቢኤስ በረዶ ላይ መጠባበቂያ ይሁን።

70 ማይክሮን የሴል ወንፊት በ50 ሚሊ ቲዩብ አፍ ላይ አስቀምጡ፣ በፒቢኤስ አርጥቡት፣ ቲሹውን በመቀስ 2 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ቆራርጣችሁ ወንፊቱ ላይ አድርጉ። ከዛ የ5 ሚሊ ሲሪንጅ ፕላንጀር አውጡና በጎማው ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ጫኑ፣ በየመሀሉ 1 ሚሊ ቀዝቃዛ ፒቢኤስ እያፈሰሳችሁ። ዋናው ቃል ቀስ ነው። በርበሬ እንደሚደቁስ ሰው የሚጫን ተማሪ አለ፣ ያ ሁሉ ሴል ይፈነዳል፣ ከፈነዳው የሚወጣው ዲኤንኤ ደግሞ እንደ ንፍጥ ሆኖ ደህናዎቹን ይጠቀልላቸዋል። ወንፊቱ ላይ በመጨረሻ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይቀራል፣ እሱ የታይመሱ ማገር ነው፣ ጣሉት። (የማገሩን ሴሎች፣ ማለትም ኤፒተሊያል ሴሎቹን፣ የሚፈልግ ሰው ግን መንገዱ ሌላ ነው፣ እነሱ በመጭመቅ አይወጡም፣ ኮላጅኔዝና ዲኤንኤዝ ይፈልጋሉ።)

ከወንፊቱ በታች ያለው ወተት መስሎ ከደፈረሰ ጥሩ ሄዳችኋል። ንፍጥ መሳይ ነገር ከታየ ፒፔት ጫፍ ላይ ጠቅልላችሁ አውጡት፣ ቀሪውን በ40 ማይክሮን ወንፊት ድገሙት። ወንፊት ጭራሽ ከሌለ ጥቅጥቅ ያለ የናይለን ጨርቅ ቆርጦ በፎይል ጠቅልሎ ኦቶክሌቭ ማድረግ ይቻላል፣ ይሰራል።

ሴንትሪፊዩጅ

ከ300 እስከ 400 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ)፣ 5 ደቂቃ፣ 4 ዲግሪ። ብዙ ላብ ማሽኑ የሚያሳየው አርፒኤም (በደቂቃ ስንት ዙር) ብቻ ስለሆነ ሒሳቡን ያዙ፦ ጂ ማለት 0.00001118 ሲባዛ በሮተሩ ሬዲየስ በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በአርፒኤም ሲባዛ እንደገና በአርፒኤም። ሬዲየሱን በማስመሪያ ከመሀሉ እስከ ቲዩቡ ቂጥ ለኩት። 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1,300 አርፒኤም 302 ጂ ይሰጣችኋል፣ 1,500 ደግሞ 402። ሲቆም ላይኛውን ፈሳሽ ድፉ፣ የታችኛውን ቲዩቡን በጣት መታ መታ አድርጋችሁ ፍቱት፣ ከዛ 10 ሚሊ ቀዝቃዛ ፒቢኤስ። በፒፔት እየመጠጡ መትፋት አያስፈልግም።

ቀይ ደም ሴል ብዙ ከሌለ ማጥፋት አያስፈልግም፣ በደንብ ከጸዳ ታይመስ ትንሽ ነው የሚመጣው። ደለሉ ቀላ ካለ ኤሲኬ በሚባለው ቀይ ሴል ማፍረሻ ፈሳሽ (8.29 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ፣ 1 ግራም ፖታሲየም ባይካርቦኔት፣ 37.2 ሚሊ ግራም ኢዲቲኤ በ1 ሊትር፣ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.4) 1 ሚሊ ለ1 ደቂቃ፣ ወዲያው 10 ሚሊ ፒቢኤስ፣ እንደገና ማሽከርከር። በነገራችን ላይ የበግ ቀይ ደም ሴል ድሮ ፍሎው ሳይቶሜትሪ (የቀለመ ሴልን አንድ በአንድ በማሽን ማንበብ) ሳይለመድ የሰውን ቲ ሴል ለመለየት ያገለግል ነበር፣ የሰው ቲ ሴል ዙሪያውን የበግ ቀይ ሴል እየሰበሰበ አበባ ይሰራል፣ እሱን ነበር የሚቆጥሩት።

መቁጠር

ከሴሉ 10 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ በ90 ማይክሮ ሊትር ፒቢኤስ አቅጥኑ፣ ከዛ ከሱ ላይ እኩል በእኩል ከ0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ ጋር ቀላቅሉ፣ በጠቅላላ 20 ጊዜ ቀጠነ ማለት ነው። ሰማያዊ የሆነው የሞተ፣ ነጭ ሆኖ የሚያበራው ሕያው። ቀለሙ ራሱ ሴል ስለሚገድል በ5 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። የቆጠራ መስታወቱ አራቱ ማዕዘን ትልልቅ ካሬዎች ላይ ለምሳሌ 240 ሕያውና 12 ሙት ቢወጣ፣ የአንዱ ካሬ አማካይ 60 ነው፣ 60 ሲባዛ 20 ሲባዛ 10,000፣ 12 ሚሊዮን በሚሊ፣ 10 ሚሊ ካላችሁ 120 ሚሊዮን። ሕያውነቱ 240 ሲካፈል ለ252፣ 95 በመቶ። ከ90 በላይ ከሆነ ቀጥሉ። ከ80 በታች ከሆነ መጠባበቂያውን አውጡና እንደገና ቀስ ብላችሁ ጭመቁ፣ እሱም ያው ከሆነ ጥፋቱ ከመጫኑ ሳይሆን ከመንገዱ ነው፣ ሌላ ቀን ሌላ ጠቦት።

እውነት ታይመስ ነው?

ማረጋገጫው ሲዲ4 እና ሲዲ8 የሚባሉትን የሴሉ ገጽ ፕሮቲኖች በአንቲቦዲ አንድ ላይ ማቅለም ነው። ደም ውስጥ ቲ ሴል ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ብርቅ ነው፣ ታይመስ ውስጥ ግን አብዛኛው ሁለቱንም በአንዴ የያዘ ነው፣ በአይጥ 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ለበግ የሚሆን አንቲቦዲ ስትገዙ ክሎኑን (የአንቲቦዲውን ዘር መለያ ቁጥር) እዩ፣ ለሲዲ4 ክሎን 44.38፣ ለሲዲ8 ክሎን 38.65 የታወቁ ናቸው። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው የኤችአይቪ ሲዲ4 ማሽን ለዚህ ይሆናል ብላችሁ እንዳትደክሙ፣ ሪኤጀንቱ ለሰው የተሰራ ነው። አቅልማችሁ በ1 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ካጸናችሁት ጨለማና ብርድ ውስጥ ሆኖ 130 ኪሎ ሜትሩን ተጉዞ አዲስ አበባ ፍሎው ሳይቶሜትር ያለበት ላብ ላይ ሊነበብ ይችላል። አንቲቦዲ የሌለው ሰው ከቲሹው ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ያስቀምጥ፣ ፓቶሎጂ ክፍል በተለመደው ኤች ኤንድ ኢ ሲቀለም የሃሳል አካላት የሚባሉት ክብ ክብ ነገሮች ከታዩ ታይመስ ነው፣ ሊምፍ ኖድ ውስጥ እነሱ የሉም።

ማቆየትና የከፍታው ጣጣ

አርፒኤምአይ 1640 የሚባለው ሚዲየም (የሴል ምግብ ፈሳሽ)፣ 10 በመቶ ሴረም፣ 2 ሚሊሞላር ግሉታሚን፣ ፔኒሲሊን 100 ዩኒትና ስትሬፕቶማይሲን 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ። ለሴሎቹ 50 ማይክሮ ሞላር መርካፕቶኢታኖል ቢጨመር ይወዳሉ። እዚህ ጋ ነው ከፍታው እንደገና የሚመጣው። ኢንኩቤተሩ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲል የአየሩ 5 በመቶ ነው፣ የኛ አየር ግፊት ግን ከባህር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ሚዲየሙ የሚያገኘው እንደ 3.5 በመቶ ያህል ነው፣ ሚዲየሙም ወደ ሮዝ ወደ ወይንጠጅ ይሄዳል፣ ማለትም ፒኤቹ ይወጣል። ወደ 7 በመቶ አድርጉት፣ ቀለሙንም ፒኤቹንም ለክታችሁ አስተካክሉ። ይሄን የማያውቅ ሰው ሴረሙን ሲቀያይር ይከርማል።

ይህም ሆኖ ካልቸር ውስጥ ሲያድሩ ብዙዎቹ በራሳቸው ይሞታሉ፣ ስለዚ ሙከራው በዛው ቀን ይጀመር። ርካሽ ሙከራ የሚፈልግ ካለ ዴክሳሜታዞን (እንደ ኮርቲሶል የሚሰራ መድኃኒት) 1 ማይክሮ ሞላር ጨምሩና ለ6 ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ ያልተጨመረበትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ። ከሁለቱም ዲኤንኤ አውጥታችሁ አጋሮዝ ጄል ላይ ስትነዱት የተጨመረበት በየ180 ቤዝ ገደማ የተደረደረ መሰላል ያሳያል። ተመራማሪው ዋይሊ በ1980 (በፈረንጆች) ያሳየው ይሄንኑ ነው፣ ሴሉ ራሱን ሲገድል ዲኤንኤውን በስርዓት ይቆራርጣል። ፍሎው ሳይቶሜትር አያስፈልግም፣ ጄል ማስኬጃ ይበቃል።

የተረፈው

ቲሹ፣ ጓንት፣ ቲዩብ ሁሉ በረኪና ውስጥ፣ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዛ ወደ ማቃጠያ። ፓራፎርማልዲሃይድ የነካውን ግን ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉት፣ ለብቻው ይጠራቀም።

ሕያው ሴል ከተረፈ በ90 በመቶ ሴረምና 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴሉ ሲበርድ እንዳይሰነጠቅ የሚጠብቅ ፈሳሽ) በሚሊ 10 ወይ 20 ሚሊዮን አድርጋችሁ ክራዮቫያል በሚባለው ብርድ የሚችል ትንሽ ብልቃጥ፣ ማታ በወፍራም ስታይሮፎም ውስጥ ተጠቅልሎ ሲቀነስ 80 ዲግሪ ዲፕፍሪዘር፣ በማግስቱ ፈሳሽ ናይትሮጅን። ናይትሮጅን የለም ከማለታችሁ በፊት የከብት አዳቃይ ባለሙያዎችን ጠይቁ፣ የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡት በሱ ነው፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ቦታ አይከለክሉም። ቫያሉ ላይ ግን በማይለቅ ማርከር ጠቦት፣ ታይመስ፣ ቀን ብላችሁ ጻፉ፣ ከኮርማ ዘር ጋር እንዳይምታታባቸው።